ቦዩና አገረ ገዥው

በኖቬምበር የመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ወጥ ቤት ውስጥ የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን፦ አክስቴ ዶሎረስ፣ ባሏ አጎቴ ካዝና እኔ። አክስቴ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ እንቁላል ትጠብስ ነበር። «ኤመት፣ እንቁላሉ ደርሷል ብለህ ለአጎትህ ንገረው» አለችኝ። አጎቴ ከእኔ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ተቀምጧል። «አጎቴ፣ እንቁላሉ ደርሷል» አልኩት። «አመሰግናለሁ በላት» አለኝ። አልኳት። «ምንም አይደል በለው» አለች። ይህ ሁሉ መልእክት ሲመላለስ እንቁላሉ ቀዘቀዘ። እንዲህ መኖር ከጀመርን ስምንት ቀን ሞልቶናል። እኔ በተፈጥሮዬ ብዙ ማውራት አልወድም፤ ቁልፍ የምቀርጽበት ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከሃያ ቃል በላይ አልናገርም። በዚያ ሳምንት ግን የሁለት ሰው ወሬ ብቻዬን ስሸከም መንጋጋዬ ዛለ።

ነገሩ የተበላሸው በድራማ ነው። አክስቴ «ነጩ ደረጃ» የሚባለውን ተከታታይ ድራማ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ እሑድ ሳታጎድል አይታለች። ድራማው ፕሪዊት ስለሚባል አገረ ገዥ ነው። የመጀመሪያ ስሙን ማንም አያውቀውም፤ ሚስቱ እንኳ አልጋ ውስጥ ሆና «ፕሪዊት» ነው የምትለው። ይህ ሰው ሲዋሽ ግራ ጆሮው ቀይ ይሆናል። አክስቴ ከምንም በላይ የምትወድለት ይህንን ነው። «ቢያንስ ይታወቅበታል» ትላለች። በዜና የሚመጡትን እውነተኞቹን ፖለቲከኞች ስታይ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግታ ጆሯቸውን ትመረምርና «በዱቄት ይሸፍኑታል» ብላ ትመለሳለች። በድራማው ውስጥ ድልድይ ቢፈርስ አገረ ገዥው እጅጌውን ሰብስቦ ጭቃው ውስጥ ይገባል፤ ሰው ያቅፋል፤ ሰዓቱ ሳይሞላ ድልድዩ ተሠርቶ ያልቃል። የእኛ ከተማ የብሪስ ሆሎው ድልድይ ከፈረሰ ስድስት ዓመቱ ነው። እስካሁን ያየነው እጅጌ የለም።

የመጨረሻው ክፍል የተላለፈው ከምርጫው ዘጠኝ ቀን በፊት፣ እሑድ ማታ ሲሆን አክስቴ ደግሞ ያን ምሽት በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ነበረች፤ ለምርጫው ቀን የሚሸጠውን ፒሮጊ የሚባለውን የሊጥ ምግብ ከሴቶቹ ጋር ድንች እየሞላች ጠርዙን ትቆነጥጥ ነበር። ስለዚህ ሪሲቨሩ እንዲቀዳላት አድርጋ ነው የሄደችው። በማግስቱ ሰኞ አጎቴ ሁለት ሰዎች የሚከራከሩበትን ፕሮግራም ለመቅዳት ፈለገ። ከሁለቱ ተከራካሪዎች አንዱም ብሪስ ሆሎው በየት በኩል እንደምትገኝ አያውቅም፤ እርስ በርሳቸውም አይደማመጡም። አጎቴ ግን እነሱን ካላየ ራት አይወርድለትም። ሪሲቨሩ ቦታ የለኝም አለው። አንዱን ላጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀው። እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎም ደግሞ ጠየቀው። አጎቴ ሁለቴም አዎ አለ።

ማጥፋቱን እንኳ ትተወው ነበር ይሆናል። የማይተወውን የተናገረው በኋላ ነው። «ድራማ እኮ ነው ዶሎረስ፤ የሌለ ሰው ነው!» አላት። አክስቴ ፎጣውን አጠፈች፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ «ያንተዎቹስ አሉ?» አለች። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነፈሰችለትም። አጎቴ ሦስት ቀን ሙሉ ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው እየደወለ ስልኩ ላይ የሚያስጠብቁበትን ሙዚቃ ሲያዳምጥ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ፍሪጁ ላይ አንዲት ቢጫ ወረቀት ለጠፈ፦ «ስለ አገረ ገዥሽ አዝናለሁ። ካዝ።» አጎቴ አገረ ገዥ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ሲጽፍ መካከሉ ላይ ያለችውን «አር» የተባለች ፊደል ሁልጊዜ ይገድፋታል። ያን ቀንም ገድፏታል። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችና ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ የውሻ ምግብ የሚል የገበያ ዝርዝር ላዩ ላይ ለጠፈችበት።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ከተጋቡ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ፓርቲያቸው ግን አንድ ሆኖ አያውቅም። ግቢያችን ውስጥ ሁለት የምርጫ ሰሌዳ ተተክሏል፤ አንዱ ከፖስታ ሳጥኑ በስተግራ፣ አንዱ በስተቀኝ። አጎቴ ሣር ሲያጭድ የሷን ሰሌዳ በጥንቃቄ ይዞረዋል፤ እሷም አበባ ስታጠጣ የሱን አታርሰውም። በየዓመቱ የምርጫ ዕለት ግን ነዳጅ ለመቆጠብ በአንድ መኪና ነው የሚሄዱት። እሱ ለአንዱ ይሰጣል፣ እሷ ለሌላው ትሰጣለች፣ ድምፃቸው ተጣፍቶ ይቀራል፤ ከዚያ አብረው ፒሮጊ በልተው ይመለሳሉ። አንድ ዓመት እኔ፣ ሁለታችሁም ቤት ብትቀሩ ውጤቱ ያው አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሁለቱም እንደ ሞኝ አዩኝ። በቤታችን አንድ ሐሳብ ሆነው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

የዘንድሮው ምርጫ የሚለየው በአንዲት ወንበር ነው። ከከተማው ምክር ቤት ወንበሮች ለአንዷ ማንም አልተወዳደረም። እንዲህ ሲሆን ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ባዶ መስመር ይተውና መራጩ የፈለገውን ሰው ስም በእጁ ይጽፋል። አጎቴ ያቺን ባዶ መስመር ሲያይ እንደ ውርስ ቆጠራት። በቤታችን ፊት የሚያልፈው ቦይ ከተደፈነ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በረዶ በቀለጠ ቁጥር ውሃው ተመልሶ ምድር ቤታችን ይገባል። አጎቴ ለምክር ቤቱ አርባ አንድ ደብዳቤ ጽፏል። አርባ አንደኛውን የጻፈው ባለፈው ማርች ነው፤ ያን ጊዜ ፍሪዘሩ ከነአጋዘን ሥጋው ተንሳፍፎ ደረጃውን ሲደበድብ አድሮ ነበር። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አይቷል። «ወንበሯን ካገኘሁ መጀመሪያ ቦዩ ይጠረጋል፤ ከዚያ የቀረውን ዓለም እናያለን» ይላል አጎቴ። ዘንድሮም ካልተጠረገ የቤቱ መሠረት ይሰነጠቃል ብሎታል ግንበኛው።

ችግሩ ስሙ ነው። የአጎቴ የቤተሰብ ስም ሽቼፓንስኪ ነው። ሲነገር እንዲህ ነው፤ ሲጻፍ ግን በኤስ፣ ዜድ፣ ሲ፣ ዜድ ይጀምራል፤ አንዳቸውም ከሌላው ጋር የሚስማሙ ፊደላት አይደሉም። ከተማው ውስጥ በትክክል የሚጽፉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሦስታችንም አንድ ቤት እንኖራለን። አጎቴ ሌላውን ቃል ሁሉ ቢገድፍም ስሙን ተሳስቶ አያውቅም። ስለዚህ ሁለት መቶ ትንንሽ ካርድ ላይ ስሙን በእጄ ጻፍኩለት። ሰው በር አንኳኩቶ ማደሉን ግን አልቻልኩበትም፤ አፍራለሁ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ በየመኪናው መስታወት መጥረጊያ ሥር ሻጥኩት። ወዲያው ዘነበ። ማታ መንገድ ላይ ያገኘሁትን አንዱን ካርድ አነሳሁት፤ ከቀለሙ የተረፈው መጀመሪያው ላይ ኤስ፣ መጨረሻው ላይ ኬ እና አይ ነው። መካከሉ ሰማያዊ ውሃ ሆኗል።

እንቁላሉ ከተበላ በኋላ በአንድ መኪና ሄድን። አጎቴ ነዳ፣ አክስቴ አጠገቡ፣ እኔ ኋላ። «ኤመት፣ ማሞቂያው ይጨመር ወይ ብለህ ጠይቃት» አለ። «ይበቃል በለው» አለች። የድምፅ መስጫው የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አዳራሽ ነው፤ ቀዩን መኪና አውጥተው ድምፅ መስጫ ጠረጴዛዎቹን ደርድረዋል። በሩ ላይ የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች ፒሮጊ ይሸጣሉ፤ ደርዘኑ አሥራ ሁለት ዶላር፣ ሽንኩርት ከተጨመረ አሥራ ሦስት። አምና አሥር ነበር። ሰልፈኛው ሁሉ ስለዚያች ሁለት ዶላር ይከራከራል፤ አንዱ የዋሽንግተን ጥፋት ነው ይላል፣ ሌላው የሌላኛው ፓርቲ ጥፋት ነው ይላል፤ ሴቶቹ የድንች ዋጋ ነው ይላሉ።

አክስቴ ጠረጴዛው ጋ እንደደረሰች ድምጿን ከፍ አደረገች። «እኔ ዘንድሮ ለምክር ቤቱ የምጽፈው ፕሪዊትን ነው! ሰባት ዓመት አገልግሎ ማንም እንኳን ደህና ሁን ሳይለው ነው የሄደው» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ሁሉም ድራማውን ያያሉ፤ አጎቴ ያደረገውንም ሁሉም ሰምተዋል። «እኔም እሱን ነው የምጽፈው፤ ካዝ ይማርበታል» አለች አንዷ። «ከሱ ስም ይልቅ ለመጻፍም ይቀላል» አለች ሌላዋ። አጎቴ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሞ የጫማውን ክር ይመለከት ነበር።

በዚህ መካከል ሆሊስ ፕሪዊት በመኪናው መጣ። ይህ በሥጋ ያለው ፕሪዊት ነው፤ የመጸዳጃ ጉድጓድ በመምጠጫ መኪና እየመጠጠ ይተዳደራል፤ ጉድጓድና ቦይ የሚቆፍር ማሽንም አለው። ድራማው ከጀመረ ወዲህ በስሙ ምክንያት ከተማው ሁሉ «አገረ ገዥ» ነው የሚለው። ሰልፈኛው ገና ሳያየው ከሽታው አውቆ ቦታ ለቀቀለት። «አገረ ገዥ፣ እንዴት አደርክ?» አሉት። «የሕዝቡን ጉዳይ ተሸክሜ አደርኩ» አለ፣ መኪናውን እያሳየ። በየዓመቱ የሚላት ቀልድ ናት። ከዚያ አጎቴን ትከሻው ላይ መታ አደረገው። «ካዝ፣ አይዞህ፤ የኔ ድምፅ ያንተ ነው። ስምህን ብቻ ቀለል ባደረግከው!» አጎቴ ካርድ ሊሰጠው ኪሱ ገባ፤ ያለው ዝናብ የነካው ነበር።

የምርጫው ኃላፊ ወይዘሮ ኦልድፊልድ ናቸው። አስተምረው ጡረታ የወጡ ሴት ስለሆኑ የሚያወራ ሰው ሲያዩ አሁንም ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጋሉ። ወረቀትና እስክርቢቶ ሰጡንና እያንዳንዳችን በካርቶን የተከለለች ጠረጴዛ ያዝን። እኔ መካከል፣ አክስቴ በቀኜ፣ አጎቴ በግራዬ። ክልሉ ካርቶን ስለሆነ ዓይን ይጋርዳል እንጂ ጆሮ አይጋርድም። እኔ የአጎቴን ስም በሚያምር ጽሑፍ ጽፌ ስጨርስ ከቀኜ በኩል ሹክሹክታ ሰማሁ። «ኤስ… ዜድ… ሲ… ዜድ…» ትላለች አክስቴ፣ ትንፋሿን ውጣ። እስክርቢቶዋ ካርቶኑን እየነካ ያንኳኳል። «ኢ… ፒ…» እስከ መጨረሻዋ አይ ድረስ ሄደች። ከዚያ «የማትረባ» አለች፤ ለእስክርቢቶው ይሁን ለአጎቴ አላወቅኩም። ደስታዬን መደበቅ ስላልቻልኩ መሬት የወደቀ ነገር እንደምፈልግ አጎነበስኩ። ከግራዬ በኩል ግን ድምፅ የለም። አጎቴ የገዛ ስሙን ለመጻፍ ሌላ ሰው ሦስት ጊዜ ድምፅ የሚሰጥበትን ሰዓት ወሰደበት። ወይዘሮ ኦልድፊልድ መጥተው «ሚስተር ካዝ፣ ፈተና አይደለም» አሉት።

ሲወጣ ሁልጊዜ እንደሚለው «ለሚሻለው ሰው ሰጥቻለሁ» ብሎ ደረቱን አልነፋም። ቀጥ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ሁለት ደርዘን ፒሮጊ ከነሽንኩርቱ ገዛ። «ለአክስትህ ስጣት» አለኝ። አክስቴ አጠገቤ ነበረች። ተቀበለችኝና «ብዙ ነው በለው» አለች። ቤት ገብተን በላን። ቴሌቪዥኑ ላይ የተለያየ ክራባት ያሰሩ ሰዎች የመላ አገሪቱን ካርታ እየጠቆሙ ሲጮሁ ዋሉ፤ አጎቴ ግን ድምፁን ቀንሶ ሥዕሉን ብቻ አየ። እኔ ምስጢሬን ይዤ ተቀመጥኩ። የሰው ድምፅ ምስጢር ነው፤ በዚያ ላይ አክስቴ ብታውቅ ጆሮዬን ትነቅለዋለች። ብቻ በልቤ፣ እንግዲህ የኔ አለ፣ የሱ የራሱ አለ፣ የሷም አለ፣ ፕሪዊትም ቃል ገብቷል፤ ቦዩ ተጠረገ በቃ ብዬ አሰብኩ። ምድር ቤት ወርጄ ፍሪዘሩን መታ መታ ሁሉ አደረግኩት።

በእጅ የተጻፉ ስሞች የሚቆጠሩት ቀስ ብሎ ስለሆነ ዝርዝሩ አዳራሹ በር ላይ የተለጠፈው ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ነው። ሦስታችንም ሄድን። ወይዘሮ ኦልድፊልድ ኮታቸውን ለብሰው በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ፕሪዊትም ቆብ በእጁ ይዞ ቆሟል። ፊቱ እንደ ታመመ ሰው ነው። ዝርዝሩ እያንዳንዱን ስም ልክ ሰው እንደጻፈው ከነስሕተቱ ያስቀምጠዋል። የአጎቴ ከላይ ነው። በትክክል የተጻፈ፣ ሁለት። «ስፓንስኪ»፣ አምስት። «ሰፓንሲ»፣ ሦስት። «ካዝ» ብቻ፣ አራት። «የቦዩ ካዝ»፣ ሁለት። «የፍሪዘሩ ሰውዬ»፣ አንድ። ድምር አሥራ ሰባት። ከሥሩ፦ «ፕሪዊት»፣ አሥራ ሁለት። «ሆሊስ ፕሪዊት»፣ ሦስት። «አገረ ገዥ ፕሪዊት»፣ ሁለት። ከዚያ በሌላ መስመር ደግሞ እንደገና «አገረ ገዥ ፕሪዊት»፣ አንድ። ድምር አሥራ ስምንት።

«እንዴት ይሆናል?» አለ ፕሪዊት። «ሴቶቹ የጻፉት የቴሌቪዥኑን እኮ ነው!»

«ሴቶቹ ማንን እንዳሰቡ ወረቀቱ አይናገርም» አሉ ወይዘሮ ኦልድፊልድ። «በዚህ ከተማ መዝገብ ላይ ያለው ፕሪዊት አንድ ነው። አገረ ገዥ የሚባለውም አንድ ነው። አንተ ነህ።»

«እኔ እኮ ለካዝ ነው የሰጠሁት! የፍሪዘሩ ሰውዬ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ! ፊደሉ ቢያስቸግረኝ ነው!» ፕሪዊት ወደ አጎቴ ዞረ። «ካዝ፣ በእናቴ ስም፣ ወንበርህን አልፈለግኩም።»

እኔ ግን ሁለቷ ላይ ቀርቼ ነበር። በትክክል የተጻፈ፣ ሁለት። አንዷ የኔ ናት። አንዷን እየተጻፈች ሰምቻታለሁ። ታዲያ የአጎቴ የራሱ የት ሄደች? ዓይኔ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደና ለብቻዋ የተቀመጠችው የመጨረሻዋ መስመር ላይ ቆመ። ለብቻዋ ያስቀመጧት የፊደል ስሕተት ስላለባት ነው። አገረ ገዥ ከሚለው ቃል መካከል አንዲት «አር» የለችም።

አክስቴ መነጽሯን አውጥታ አደረገች። ጣቷን ዝርዝሩ ላይ አስቀምጣ እንደ ተማሪ መስመር በመስመር ወረደች። ጣቷ ዓይኔ የቆመበት መስመር ደርሶ ቆመ። መንገዱ ላይ የትምህርት ቤት አውቶቡስ አለፈ፤ ፕሪዊት ቆቡን አደረገ፣ መልሶ አወለቀ። ከዚያ አክስቴ ወደ ባሏ ዞረች። ወደ እኔ አይደለም፤ ወደ እሱ።

«ካዝ» አለችው። በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ የመጀመሪያዋ ቃል ናት። «አንድ አር ገድፈሃል።»

«የት?»

«ሁልጊዜ የምትገድፍበት ቦታ።»

«እኔ አይደለሁም» አለ አጎቴ። «ሌላ ሰው ይሆናል። እኔ የሰጠሁት ለራሴ ነው።»

ግራ ጆሮው ከሥሩ ጀምሮ እስከ ጫፉ ቲማቲም መሰለ። ወይዘሮ ኦልድፊልድ ሳይቀሩ ጎንበስ ብለው አዩት።

አክስቴ ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነላትም። አጎቴ እሷን ላለማየት ብሎ ዝርዝሩን ማየት ያዘ፤ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ይቆጥራል። «በትክክል የተጻፈ ሁለት» አለ። «አንዷ የኤመት ናት።» አንድ ጣቱን አጠፈ። ሁለተኛውን ጣቱን እንደያዘ ቀረ። «ሌላዋ…»

«የሰው ድምፅ ምስጢር ነው» አለች አክስቴ። «ሕግ ነው። ና፣ ወደ መኪናው፤ ብርድ ነው።»

እንግዲህ በሠላሳ ሁለተኛው ዓመትም ድምፃቸው ተጣፍቶ ቀረ። ለራሱ ጽፎ ቢሆን ኖሮ በአንድ ድምፅ ያሸንፍ ነበር። ይህንን ከእኔ ሌላ ያሰላ ሰው አለመኖሩን ለማየት ዙሪያዬን ተመለከትኩ፤ ፕሪዊት በጣቱ እየቆጠረ ነበር፣ አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ ተደናገረና ተወው። መኪናው ውስጥ ከኋላ ተቀመጥኩ። «ማሞቂያው ይጨመር?» አለ አጎቴ። «ትንሽ» አለች አክስቴ። እኔን ማንም ምንም አልጠየቀኝም።

ፕሪዊት በጃንዋሪ የመጀመሪያው ሰኞ ቃለ መሐላ ፈጸመ፤ ሐሙስ ዕለት ቦዩን በገዛ ማሽኑ ጠረገው።